ኤንኤ ሚያታን በኤንቢ ሰስፔንሽን ማሻሻል፦ የትኛው ዕቃ ዋጋውን ያወጣል?

ኤንኤ ሚያታ፣ ማለትም የማዝዳን ክፍት ስፖርት መኪና የመጀመሪያ ትውልድ፣ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ማሳጠሪያ ሞላ ነው። መኪናዋ መሬት ትጠጋለች፣ ጎማውና ፓራፋንጎው ይቀራረባሉ፣ ዓይን ትሞላለች። ከዚያ የመጀመሪያውን የድልድይ መጋጠሚያ ስትሻገር አከርካሪ ላይ የሚያርፍ ደረቅ ምት ይሰማል። ባለቤቱም «ስፖርት መኪና አይደለች እንዴ፣ ጠንከር ማለት አለባት» ብሎ ይቀበለዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ያ ምት የሞላው ጥንካሬ አይደለም። አሞርዛተሩ የሚሄድበትን ርቀት ጨርሶ፣ መጨረሻ ላይ እንዲያቆመው የተቀመጠው መግቻ ላስቲክ ላይ ሲያርፍ የሚሰማ ድምፅ ነው።

እዚህ የሚገመገመው የዚህ ችግር ቀጥተኛ መድኃኒት ነው፦ ከሁለተኛው ትውልድ ሚያታ፣ ከኤንቢ፣ የሚወሰደው የአሞርዛተር የላይ መያዣ ከነመግቻ ላስቲኩ። አብሮትም የሚገጠሙ ሁለት ዓይነት አሞርዛተሮች ይታያሉ፤ ከኤንቢ ላይ የወረደው ፋብሪካው ራሱ የገጠመው የቢልስታይን ብራንድና አዲሱ የኮኒ ብራንድ፣ ኮኒ ስፖርት። ፍርዱን ከፊት እንናገረው። ለኤንኤ ሚያታ ከሚሸጡ የሰስፔንሽን ዕቃዎች ሁሉ፣ ለወጣበት ገንዘብ እንደ ኤንቢ የላይ መያዣ የሚክስ የለም። አሞርዛተሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ሞላው ደግሞ መጨረሻ።

ስለ መኪናዋ ጥቂት፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኤንኤ በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ተገለጠች፤ እስከ 1997 ተመረተች። ጃፓን ውስጥ ዩኖስ ሮድስተር ትባል ነበር። ኤንቢ ከ1998 እስከ 2005 ቀጠለች። ብቅ ጥልቅ የሚሉት መብራቶች ቀሩ፣ ሰውነቷ ትንሽ ሞላ አለ፤ ከሥር ያለው አጥንት ግን የኤንኤ ልጅ ነው። የሁለቱም ከፊት ጎማ ማዕከል እስከ ኋላ ጎማ ማዕከል ያለው ርቀት 2265 ሚሊሜትር ነው፣ በአራቱም ማዕዘን ድርብ ብራቾ (ጎማውን ከሰውነቱ ጋር የሚያያይዙ ክንዶች) አላቸው፣ አሞርዛተሩ ከላይ በሁለት ቡሎን ከሰውነቱ፣ ከታች በአንድ ቡሎን ከታችኛው ብራቾ ጋር ይታሰራል። የኤንቢን ሥራ የመራው ታካኦ ኪጂማ ከዚያ በፊት የኤንኤን ሰስፔንሽን የሠራ መሐንዲስ ነው። ስለዚህ ኤንቢ ላይ የተደረገው ለውጥ የኤንኤን ጉድለት ያወቀ ሰው እጁ ያለበት እርማት ነው ማለት ይቻላል።

«ኤንቢ ከሆነ ለምን ከእሱም አዲስ የሆነውን፣ ሦስተኛውን ትውልድ ኤንሲን ወይም አራተኛውን ኤንዲን አናደርግም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። አይገጥምም። ኤንሲ ከሌላዋ የማዝዳ መኪና ከአርኤክስ ስምንት ጋር የተዛመደ ሌላ መሠረት ላይ የተሠራች ናት፤ የኋላ ሰስፔንሽኗም ባለ ብዙ ዘንግ ነው። ኤንዲም እንዲሁ። ያለ ብየዳና ያለ አዲስ ማሰሪያ አንድም ዋና ዕቃ አይለዋወጥም። ለኤንኤ «አዲሱ ትውልድ» ማለት ኤንቢ ማለት ነው፤ እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁለቱን የላይ መያዣዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ነገሩ ያለ ማብራሪያ ይገባል። የኤንኤው ጠፍጣፋ ነው ማለት ይቻላል፤ የአሞርዛተሩን ዘንግ የሚይዘው ላስቲክ ከሳህኑ በታች ወርዶ ይቀመጣል። መግቻ ላስቲኩ ደግሞ ከእሱ ሥር ይንጠለጠላል። ሁለቱ ተደራርበው አሞርዛተሩ ሊሄድበት ይችል የነበረውን ቦታ ይበሉታል። የኤንቢው መሃሉ እንደ ሲኒ ተገልብጦ ወደ ላይ ይነሳል። ዘንጉ የሚታሰርበት ቦታ ከፍ ብሎ በሰውነቱ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ መግቻ ላስቲኩም አናቱን በዚያ ሲኒ ውስጥ ይደብቃል። ሰውነቱ አይቆረጥም፣ አዲስ ቀዳዳ አይበሳም፤ ሁለቱ ቡሎኖች በኤንኤው ቀዳዳ ልክ ይገባሉ። የተገኘው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ መኪናዋ በቆመችበት ከፍታ ላይ፣ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ተጨማሪ ቦታ።

ይህ ለምን ያን ያህል ትልቅ ነገር ሆነ? መግቻ ላስቲክ ራሱ ሞላ ነው፤ ያውም እየተጨመቀ በሄደ ቁጥር በፍጥነት የሚጠነክር ሞላ። መታጠፊያ ውስጥ የውጪው የኋላ ጎማ ተጭኖ ሳለ አስፋልቱ ላይ እብጠት ቢመጣና አሞርዛተሩ መግቻው ላይ ቢያርፍ፣ የኋላው ጥንካሬ በቅጽበት ይዘላል። ክብደት በድንገት ወደዚያ አንድ ጎማ ይሮጣል፣ ጎማውም ይለቃል፤ ጅራቷ ታመልጣለች። የፊቱ ቀድሞ ካረፈ ደግሞ መሪው ይደነዝዝና መኪናዋ ወደ ውጪ ትገፋለች። ብዙ ሰው «ኤንኤ ዝናብ ላይ ትከዳለች» ሲል የሚናገረው፣ በአመዛኙ ያጠረች ኤንኤ መግቻዋ ላይ ስትሄድ የሚሆነውን ነው።

ምንም ሳትገዙ የራሳችሁን መኪና መፈተን ትችላላችሁ። የአሞርዛተሩን አቧራ መከላከያ ወደ ላይ ሰብስቡና በተወለወለው ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ከዚያ ወደ ታች ገፍታችሁ የአሞርዛተሩ አካል ላይ አስጠጉት። ፊት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ስታዞሩት እጅ ይገባል። በተለመደው መንገዳችሁ፣ በተለመደው ፍጥነት ንዱና ተመለሱ። ማሰሪያው ተገፍቶ የቆመበት ቦታ አሞርዛተሩ የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ ነው። መግቻ ላስቲኩ ሥር ተጣብቆ ካገኛችሁት ጉዳዩ አለቀ፤ መኪናዋ በመግቻ ላይ ነው የምትሄደው። ከዚህም የባሰ አለ። መኪናዋ ቆማ ሳለች በአሞርዛተሩ አካልና በመግቻው ጫፍ መካከል ጣት የማይገባ ከሆነ፣ ያ መኪና ገና ከቆመበት ሳይነሳ ቦታውን ጨርሷል።

አሁን ወደ ምርጫው። አንደኛው መንገድ ከኤንቢ ላይ የወረደ ሙሉ ስብስብ መግዛት ነው፦ መያዣው፣ መግቻው፣ ሞላውና አሞርዛተሩ እንደታሰሩ። ኤንኤው ላይ እንዳለ ይገባል፤ ሞላ መጭመቅ የለም፣ ዕቃ መለየት የለም። በተለይ የሚፈለገው የስፖርት ሰስፔንሽን ከነበራቸው ኤንቢዎች የወረደው ቢልስታይን ነው። ኤንቢ ነጂዎች ኮይልኦቨር (ከፍታው የሚስተካከል የሞላና የአሞርዛተር ስብስብ) ሲገጥሙ የፋብሪካውን ስብስብ ያወርዱታልና ገበያ ላይ አይጠፋም። ቢልስታይን ባለ አንድ ቱቦ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የተሞላ አሞርዛተር ነው። ብዙ ትንንሽ ምቶችን በተከታታይ ሲቀበል ዘይቱ በቀላሉ አረፋ አይሠራም፤ ስለዚህ ረጅም ሻካራ መንገድ ላይ ባሕርዩን አይቀይርም። ማስተካከያ ቁልፍ የለውም። ለዕለት መንገድ ይህ ጉድለት አይደለም፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ቁልፍ ከሌለ የሚበላሽም ቅንብር የለም።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ቢልስታይኑ ከሞላው ተለይቶ ከሆነ የሚሸጠው፣ ዘንጉን በሁለት እጅ ወደ ታች ጫኑና ልቀቁ። ቀስ ብሎ በራሱ መመለስ አለበት። ባለበት ከቀረ ጋዙ ወጥቷል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ዘንጉ ላይ በጥፍር የሚሰማ ጭረት ወይም የዝገት ነጥብ ካለ ማኅተሙን በቅርቡ ይበጣዋል። በላይ መያዣው ላይ ሞላው የሚቀመጥበትን ከንፈር እዩ፤ ዝገት ከበላው በላዩ ያለው ቀለም ቅርፊት ሆኖ ይነሳል። የሁለቱን ቡሎኖች ጥርስ በእጅ ዳዶ አስገብታችሁ ሞክሩ። መግቻ ላስቲኩ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ስፖንጅ የሚመስል ነው፤ ሲጫኑት እንደ ደረቅ ኬክ ከፈረሰ አዲስ ግዙ። ይህ ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተሻሻለው ግማሽ ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የኤንቢ የላይ መያዣና መግቻ ገዝቶ በአዲስ አሞርዛተር ላይ መግጠም ነው። ኮኒ ስፖርት፣ ቢጫው፣ እዚህ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ምርጫ ነው። ዘንጉ ሲመለስ የሚይዝበት ኃይል ከላይ በኩል በቁልፍ ይስተካከላል፤ ሲጨመቅ ያለው ኃይል ግን አይነካም። ጥሩ ጎኑ፣ ሞላ ስትቀይሩ አብሮ መጠንከር መቻሉ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮ «አሁን ስፖርት ሆነ» ማለቱ ነው። ከመጠን በላይ የጠነከረ መልስ ሞላውን አስሮ ይይዘዋል። ተከታታይ እብጠት ላይ ጎማው ወደ ታች ለመመለስ ጊዜ አያገኝም፤ መኪናዋ በየምቱ እየወረደች ትሄድና መጨረሻ ላይ መግቻው ላይ ትቀመጣለች። የተገዛው ተጨማሪ ቦታ በቁልፍ ተበላ ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር ከለስላሳው ጫፍ መጀመር ነው። ሩብ ዙር እየጨመራችሁ፣ በአንድ የታወቀ መንገድ ላይ ደግማችሁ ንዱ። ሰውነቷ ከእብጠት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥታ ከረጋች እዚያው አቁሙ።

ሞላን በሚመለከት፣ ሩጫ ሜዳ የሚወጡ ሰዎች ፊት 700 ኋላ 400 ፓውንድ በኢንች ሲሉ ሰምታችሁ ያንን በኮኒ ስፖርት ላይ አትጫኑ። ያ ጥንካሬ ለእሱ የተሠራ አሞርዛተር ይፈልጋል። በፋብሪካ ቅንብሩ ያለ ኮኒ ያንን ሞላ ሲመለስ መያዝ አይችልም፤ መኪናዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። ለመንገድ መኪና የፋብሪካው ሞላ ወይም በልኩ የሚያሳጥር ሞላ ይበቃል። ልክ ማለት ምን ማለት ነው? ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ሲለካ 330 ሚሊሜትር አካባቢ። ከዚያ በታች ወርዶ የኤንቢ መያዣ መግጠም፣ የተገኘውን ቦታ በአንድ እጅ ተቀብሎ በሌላው መመለስ ነው።

ሥራው ለሁለት ሰው አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ዝገት ካለ ሁለት። የሚያስፈልገው፦ ጠንካራ ክሪክ፣ አራት የብረት ካቫሌቶ፣ ከ10 እስከ 19 የመፍቻ ስብስብ፣ ረጅም ማንሻ ቱቦ፣ ቶርክ መፍቻ፣ ጥራት ያለው የሞላ መጭመቂያ፣ ዝገት ፈቺ ዘይት። በፊተኛው ቀን ማታ የአሞርዛተሩን የታች ቡሎን፣ የኋላውን የውጪ ረጅም ቡሎን፣ የስታቢላይዘር ማያያዣዎችንና ብራቾዎቹ ከውስጥ የሚታሰሩባቸውን ቡሎኖች በዘይት አርሱ፤ ጠዋት ድገሙት። ሳትነኩ በፊት የአራቱን ማዕዘን ከፍታ ለክታችሁ ጻፉ። ኤንቢ ስብስብ ሲገባ ከፍታው ሊቀየር ይችላል፤ የቀድሞው ቁጥር ከሌላችሁ ምን እንደተለወጠ በዓይን መገመት አይቻልም።

ፊት ላይ አጭሩ መንገድ የስታቢላይዘሩን ማያያዣ ማላቀቅ፣ የአሞርዛተሩን የታች ቡሎን ማውጣት፣ ከዚያ የታችኛው ቴስቲና (ብራቾውን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘው ክብ መጋጠሚያ) ብራቾው ላይ የሚታሰርበትን ቡሎኖች መፍታት ነው። ብራቾው ወደ ታች ይወርዳል፣ ስብስቡ በዚያ ክፍት ቦታ ይወጣል። ቴስቲናውን ከናክሉ (ከጎማው መያዣ ብረት) በመዶሻ ማስለቀቅ አያስፈልግም፤ ላስቲኩን ትቀዱታላችሁ። ናክሉ ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር በሽቦ ያዙት። የላይኞቹን ሁለት ዳዶዎች ኮፈኑን ከፍታችሁ ታገኛላችሁ። መጨረሻ ላይ ፍቱአቸው፤ አንድ ሰው ከታች ስብስቡን ይዞ።

ኋላ ላይ የላይኞቹ ዳዶዎች በዕቃ መጫኛው ውስጥ ናቸው፤ ምንጣፉና የነዳጅ ማስገቢያው መሸፈኛ ይነሳል። ባትሪው እዚያው በቀኝ በኩል ስለሆነ መፍቻ እንዳይነካው መጀመሪያ የአሉታዊውን ገመድ አላቁ። ከታች በኩል ናክሉን ከታችኛው ብራቾ ጋር የሚያስረው ረጅም ቡሎን ይወጣል። ኤንኤ ላይ ቀን የሚያባክነው ይህ ቡሎን ነው። በጎሚኒው (በመጋጠሚያው ላይ ባለው ላስቲክ) ውስጥ ካለው የብረት እጅጌ ጋር በዝገት ይዋሃዳል፤ ዳዶው ይፈታል፣ ቡሎኑ ይዞራል፣ አይወጣም። ሲዞር የምታዩት እጅጌው ከላስቲኩ ተቀዶ አብሮ መዞሩን ነው። በመዶሻ ጥርሱን ከማበላሸታችሁ በፊት ዳዶውን እስከ ጫፉ መልሳችሁ አስገቡና በእሱ ላይ ምቱ። እምቢ ካለ ቆርጦ አዲስ ቡሎንና ጎሚኒ መግጠም ነው። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም፣ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር የኖረች መኪና ከሆነች ሁለቱን ቡሎኖች ቀድማችሁ ገዝታችሁ ጀምሩ። መኪናዋ ካቫሌቶ ላይ ሆና ዕቃ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሞላ ሲጨመቅ ቀልድ የለም። ሁለቱ መንጠቆዎች ፊት ለፊት፣ በእኩል ርቀት ይሁኑ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ሞላው ከሁለቱም ሳህን ላይ ተላቆ በእጅ ሲወዛወዝ ብቻ የላይኛውን ዳዶ ፍቱ። ፊታችሁም ደረታችሁም ከዘንጉ መስመር ውጪ ይሁን። ኮኒ ላይ የአየር መፍቻ አትጠቀሙ፤ ዘንጉ በፍጥነት ሲሽከረከር ውስጡ ያለው ማስተካከያ ይጎዳል። ዘንጉን ከጫፉ ይዛችሁ ዳዶውን በእጅ መፍቻ አዙሩ።

መልሶ መግጠም ላይ ሁለት ነገር ይሳሳታል። አንደኛው አቅጣጫ ነው። የላይ መያዣው ሁለት ቡሎኖችና የአሞርዛተሩ የታች ዓይን አንድ የተወሰነ አንግል አላቸው። ሞላው ከተለቀቀ በኋላ በእጅ አይዞርም፤ ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። የፊቱንና የኋላውንም አትቀላቅሉ። ሁለተኛውና የሚበዛው የሮንዴላ፣ የጎሚኒና የእጅጌ ቅደም ተከተል ነው። የኤንቢ መያዣ ለኤንኤ ተብሎ በተሠራ አሞርዛተር ላይ ሲገባ የዘንጉ ትከሻና የእጅጌው ርዝመት መስማማት አለባቸው። ዳዶው ጎሚኒውን ሳይጨምቅ የጥርሱ መጨረሻ ላይ ከደረሰ ነገሩ ልቅ ነው። ቀስ ብላችሁ ጉድጓድ ስትገቡ ከፊት «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚህ ለውጥ በኋላ ከሚመጡ ቅሬታዎች አብዛኛው ይህ ነው። ሰው ግን አሞርዛተሩ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። መኪናው ላይ ሳይገባ በፊት ዘንጉን ይዛችሁ መያዣውን ወደ ላይና ወደ ታች አናውጡ፤ ምንም ክፍተት መሰማት የለበትም።

ኤንቢ ስለሆነ መግቻው መቆረጥ አያስፈልገውም። የኤንኤ መያዣ ላይ ለመቆየት የወሰነ ሰው ግን መግቻውን ቢቆርጥ ከሰፊው ወገን ይቁረጥ፤ የሾለው ጫፍ ነው ለስላሳውን አቀባበል የሚሰጠው። ጫፉን የቆረጠ ሰው ምቱን ዘግይቶ እንዲመጣ ያደርገዋል፤ ሲመጣ ግን በድንጋይ ነው።

ማጥበቅ ላይ፣ የላይኞቹ ዳዶዎች ከ29 እስከ 36 ኒውተን ሜትር፣ የአሞርዛተሩ የታች ቡሎን ከ73 እስከ 93፣ የጎማ ዳዶዎች ከ88 እስከ 118። በጎሚኒ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ቡሎን የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው ግን መኪናዋ በራሷ ክብደት ከቆመች በኋላ ነው። የፋብሪካው ጎሚኒ ላስቲክ ከእጅጌው ጋር የተጣበቀ ነው፤ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። ጎማ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት፣ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል። ከፍታው ለጥቂት ቀን ይዋሻል፤ ከዚያ ላስቲኩ ይቀደዳል። ጎማዎቹን በጠንካራ የእንጨት መወጣጫ ላይ አስቀምጣችሁ ከሥር እጅ የሚገባበት ቦታ ብታገኙ ሥራው ቀላል ነው።

አላይመንት የማይዘለል ነው። እዚህ ደግሞ ሌላ የዝገት ወጥመድ አለ። ፊት ላይ ካምበር (የጎማው ወደ ጎን ማዘንበል) እና ካስተር (የመሪው ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበል)፣ ኋላ ላይ ካምበርና ቶ (ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ መጠቆማቸው) የሚስተካከሉት በብራቾዎቹ የውስጥ ጫፍ ባሉ ከማዕከል ወጣ ያለ ሮንዴላ ያላቸው ቡሎኖች ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ብዙዎቹ አይንቀሳቀሱም። አላይመንት ቤቱ «አይዞርም» ብሎ የፊቱን ቶ ብቻ አስተካክሎ ይልካችኋል። መኪናዋ አየር ላይ ሳለች ራሳችሁ እያንዳንዱን ፍቱ፣ ከእጅጌው አላቁ፣ ግራሶ ቀቡ፣ በነበረበት ምልክት ላይ መልሱ። ለመንገድ የሚመቸው ቁጥር፦ ፊት ካምበር ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ፣ ካስተር 5 ዲግሪ አካባቢ፣ ቶ ዜሮ፤ ኋላ ካምበር ከዜሮ በታች 1.5 ዲግሪ፣ ጠቅላላ ቶ ወደ ውስጥ 2 ሚሊሜትር ገደማ። ግራና ቀኝ እኩል መሆናቸው ከቁጥሩ ትክክለኛነት ይበልጣል። መኪናዋ አንድ ቶን ገደማ ብቻ የምትመዝን ስለሆነች የነጂው ክብደት ልዩነት ያመጣል፤ ሲለካ ነጂው መቀመጫው ላይ ይቀመጥ ወይም እኩያ ክብደት ይጫን።

ከኤንቢ ሌሎች ዕቃዎች መካከል ፍሬኑ ጥሩ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ በስፖርት ኤንቢዎች ላይ የመጣው ፊት 270 ኋላ 276 ሚሊሜትር ዲስክ፣ ከ1.6 ሊትሩ ኤንኤ 235 እና 231 ጋር አይወዳደርም። ግን 15 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። የኤንቢን የፊት ናክል ብቻውን ወደ ኤንኤ ማምጣት ግን አይመከርም። የናክሉ የመሪ ክንድና የመሪ ሳጥኑ ከፍታ አብረው ታስበው ነው የተሠሩት፤ አንዱን ብቻ ስትቀይሩ ጎማው ወደ ላይ ሲሄድ መሪውን በራሱ ያዞረዋል።

ፖሊዩሬታን ጎሚኒ (ከላስቲክ ይልቅ ጠንከር ካለ ፕላስቲክ የተሠራ) በዚሁ አጋጣሚ ይግባ ወይ የሚለው ላይ ሁለት አስተያየት አለ። ለዕለት መኪና የማዝዳ ላስቲክ ይሻላል፤ ፖሊዩሬታን ግራሶው ሲደርቅ ይጮኻል፣ ሲጮኽም እንቅስቃሴውን ይይዛል። ጎሚኒዎቹ የተሰነጠቁ ከሆነ ግን አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት እነሱን ቀይሩ። በልቅ ብራቾ ላይ የተገጠመ ቢልስታይን ከአሮጌው አሞርዛተር የተለየ ነገር አይሰጥም።

ልዩነቱ የሚሰማው የት ነው? ለስላሳ አስፋልት ላይ ምንም አይሰማም ማለት ይቻላል። የሚሰማው የተጣፈ አስፋልት ባለበት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። ቀድሞ በመታጠፊያው መሃል ሰውነቷ ተመትታ ጎን ትዘል የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ጎማው ወጥቶ ይወርዳል፣ መሪው ባለበት ይቆያል። መኪናዋ ካለችበት ከፍታ ሳትወርድ ለስላሳ ሆነች፣ ያዘችም። በቢልስታይን የታጀበው ሙሉ ስብስብ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፤ ማስተካከል የሚወድና ሞላ የመቀየር ሐሳብ ያለው ሰው ኮኒውን ይውሰድ። መግዛት የሌለበት፣ መኪናዋን ለትርኢት ብቻ እስከ መሬት ማውረድ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ለእሱ ይህ ገንዘብ ባክኗል።

ከ100 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ የላይኞቹን ዳዶዎችና የታች ቡሎኖቹን በቶርክ መፍቻ ደግማችሁ እዩ፤ አዲስ ጎሚኒ ይረጋልና ጥብቀቱ ይላላል። የፕላስቲክ ማሰሪያዋንም ዘንጉ ላይ አትቁረጧት። ሁለት ሰውና የሞላ ዕቃ ጭናችሁ ሩቅ መንገድ ስትሄዱ ስትመለሱ አንድ ጊዜ አጎንብሳችሁ እዩአት፤ መግቻው ሥር ካልደረሰች ከፍታው ትክክል ነው፣ ከደረሰች ኋላውን 5 ሚሊሜትር አንሡ።